ለዶሮዋም ቤት ይሠራላት

(ለመሠረተ ትምህርት ተከታታዮች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያላችሁ፣ ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ የጀመራችሁ እናቶች፣ አባቶችና ወጣቶች ሆይ! የዛሬው ንግግራችን ሁላችሁም ስለምታውቋት እንስሳ ነው። ስለ ዶሮ ነው።

«ስለ ዶሮ ደግሞ ምን የሚነገር አለ?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፤ ዶሮን የማያውቅ የለም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ዶሮ በአገራችን መኖር ከጀመረች ከ2,500 ዓመት በላይ ሆኗታል። ይህን ሁሉ ዘመን ከሰው ቤት አልተለየችም። ታዲያ ለምን አትበረክትም? ዛሬ ዐሥር ዶሮ ያለው ቤት በሚመጣው ወር አንድም ላይቀረው ይችላል። ይህ ለምን ይሆናል? መልሱ በታሪኳ ውስጥ አለ። እስቲ ታሪኳን ከመጀመሪያው እንከተል።

የዶሮ ዘር የመጣው ከሩቅ ምሥራቅ ነው። በታይላንድና በጎረቤቶቿ ጫካ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚኖር ቀይ የዱር ዶሮ አለ። የእኛ ዶሮ ቅድመ አያት እሱ ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ሩዝ የሚዘሩ ገበሬዎች ባሉበት አካባቢ የዱር ዶሮው የወደቀ እህል ሊለቅም እየመጣ ከሰው ጋር ለመደ። ከዚያ በኋላ በነጋዴ እጅ፣ በየብስና በባሕር፣ ከአገር ወደ አገር ተጓዘ።

ወደ አገራችን መቼ ገባ? በምሥራቃዊ ትግራይ መዝብር የሚባል የጥንት መንደር ፍርስራሽ አለ። ተመራማሪዎች እዚያ ቆፍረው የዶሮ አጥንት አገኙ። ዕድሜው ሲመረመር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 800 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ። የምርመራው ውጤትም በፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 ታትሞ ወጣ። እንግዲህ አስቡት! የአክሱም መንግሥት ሳይነሣ፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ሳይፈለፈሉ፣ ጎንደር ሳትቆረቆር፣ ዶሮ በአገራችን ደጃፍ ትጭር ነበር ማለት ነው። ስሟም የቆየ ነው። በግዕዝ «ዶርሆ» ትባላለች። በሰሙነ ሕማማት፣ በጸሎተ ሐሙስ የሚነበበው የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ስሙ «መጽሐፈ ዶርሆ» ነው።

አሁን ወደ እናንተ አገር እንምጣ። የጉና ተራራ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በዙሪያው ያለው ደጋ ብርዳም ነው። ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሲወርዱ ደግሞ ቆላ ነው። በደጋው ብርዱ ጫጩት ይገድላል። በየትኛውም ቦታ ቀን ጭልፊት፣ ማታ ሸለምጥማጥ አለ። ሌባም አይጠፋም። ስለዚህ የቀድሞ ሰዎች ዶሮን ከራሳቸው ጋር አሳደሯት። ከመደብ ሥር ወይም ከቆጥ ላይ ታድራለች። ጠዋት በሩ ሲከፈት ትወጣለች። ጥራጊ ትጭራለች፣ ትልና ምስጥ ትለቅማለች፣ ማታ ትገባለች። አውራውም እንደ ሰዓት ሆኖ ሌሊት ይቀሰቅሳል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያደረጉት አስበው ነው። ባላቸው አቅም ዶሮዋን ከአውሬና ከብርድ አድነዋታል።

ዶሮ የማን ሀብት ናት? በአብዛኛው ቤት በሬው የአባወራው ነው፤ ዶሮዋና እንቁላሏ ግን የእማወራዋ ናቸው። እማወራዋ እንቁላሉን በእንቅብ፣ ጭድ ውስጥ አድርጋ ወደ ገበያ ትወስዳለች። ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ትሄዳለች። ስትመለስ ጨው፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተር ይዛ ትመጣለች። ማንንም «ገንዘብ ስጠኝ» አላለችም። ስለዚህ ዶሮ ስታልቅ የሚጎድለው የወጥ ሥጋ ብቻ አይደለም። የእናት ኪስ ባዶ ይሆናል፤ የልጅ ደብተር ይቀራል።

ደግሞም ዶሮ የመሰላል የመጀመሪያዋ ደረጃ ናት። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በሰሜኑ አገራችን ብዙ ቤት ከብቱ አለቀበት። እንዲህ ያለ ቤት ሲነሣ በሬ ከመግዛት ሊጀምር አይችልም። ከዶሮ ይጀምራል። ከዶሮ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ ጊደር ይወጣል። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የሚባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከገቡት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። እዚያም ለቤተሰብ ከሚመከሩት ሥራዎች አንዱ ዶሮ ማርባት ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረታችን ይህንኑ ነው የሚነግረን። ነገር ግን እንቁላሉ በእግሩ እንዲሄድ ጫጩቱ በሕይወት መቆየት አለበት።

እስቲ ደብተርና እርሳስ አውጡና አብረን እናስላ።

አንዲት የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። አንዷን ዶሮ 12 እንቁላል አስታቀፍናት እንበል። 21 ቀን ታቀፈችና 9 ጫጩት ፈለፈለች። ደስ ይላል! ነገር ግን ሁለት ወር ሳይሞላ 5ቱ አለቁ።

9 ሲቀነስ 5 እኩል ይሆናል 4።

ይህ የአንድ ቤት መጥፎ ዕድል አይደለም። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በገጠር ከሚፈለፈሉት 100 ጫጩቶች ከ40 እስከ 60 የሚሆኑት ሁለት ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። አምስቱ የት ሄዱ? ጭልፊት ወሰደ፣ ብርድ መታ፣ ዝናብ ደበደበ፣ ሸለምጥማጥ በላ፣ በሽታ ገደለ። ዶሮዋ ሥራዋን ሠርታለች፤ ጥላለች፣ ታቅፋለች፣ ፈልፍላለች። የቀረው የእኛ ሥራ ነው።

አገራችን ግን ለረጅም ጊዜ መፍትሔውን በሌላ በኩል ስትፈልግ ኖራለች። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የጅማና የዓለማያ የግብርና ትምህርት ቤቶች ተቋቋሙ። በነሱም በኩል የፈረንጅ ዶሮ እየተስፋፋ መጣ። ሮድ አይላንድ ሬድ የሚባለው ቀዩ፣ ሌግሆርን የሚባለው ነጩ መጣ። በደህና መኖና በደህና ቤት ስትያዝ፣ የፈረንጅ ዶሮ በዓመት ከ200 በላይ እንቁላል ትጥላለች። የግብርና ሚኒስቴርም ለገበሬው አውራ ዶሮ፣ ቄብና የሚታቀፍ እንቁላል ማከፋፈል ጀመረ። ከጊዜ በኋላ በአማራ ክልል፣ ባሕር ዳር አጠገብ አንዳሳ ላይ፣ የዶሮ ማባዣ ተቋቋመ። ከግብፅ አገር የመጣ ፋዩሚ የሚባል ዘርም ተሰራጨ።

ሐሳቡ መልካም ነበር። ውጤቱ ግን የታሰበውን ያህል አልሆነም። ለምን? የፈረንጅ ዶሮ ብዙ መኖ ትፈልጋለች። መጣል እንጂ መታቀፍ አትወድም። ጭልፊት ሲያንዣብብ እንደ ሐበሻዋ ቶሎ አትሸሸግም። ከማባዣው ወጥታ ያለ ቤት፣ ያለ መኖ፣ ያለ ክትባት በገበሬው ግቢ ስትለቀቅ ብዙዋ አለቀች። ቤት ሳይሠሩ እንግዳ መጥራት ማለት ይኸው ነው።

በ2013 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የእንስሳት ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮ ነበር። ከ100ው ዶሮ 79ኙ ያህል የሐበሻ ነበሩ። ከብዙ ዓመት የፈረንጅ ዶሮ ሥርጭት በኋላም የገጠሩን ቤት የያዘችው ያችው የጥንቷ ናት። ተመራማሪዎችም ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2008 በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ከወለጋ የመጣውን የሆሮን ዶሮ እየመረጡ ማሻሻል ተጀመረ። የተሻሻለ ዘር ጥሩ ነገር ነው፤ አንነቅፈውም። ሲመጣ ግን ቤቱና ክትባቱ ቀድመው ይጠብቁት።

ክትባት ስንል የትኛው በሽታ እንደሚያስፈራን ታውቃላችሁ። ፈንግል ነው። ይህ በሽታ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1926 በጃቫ ደሴት፣ በ1927 ደግሞ በእንግሊዝ አገር፣ ኒውካስል በሚባል ከተማ ታወቀ። ስለዚህ ፈረንጆች «የኒውካስል በሽታ» ይሉታል። በእኛ በኩል በመጀመሪያ የተመዘገበው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1971፣ በኤርትራ፣ በአንድ የዶሮ እርባታ ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ሌላው አገር ተዛመተ።

ፈንግል የያዛት ዶሮ ላባዋ ይቆማል። ትተክዛለች። አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። አረንጓዴ ትቀዝናለች። አንዳንዷ አንገቷ ይጣመማል። በሽታው ከ10 ዶሮ 8ቱን ሊገድል ይችላል። በአንድ ሳምንት ግቢው ጭር ይላል። ሰዎች ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ ያጠጣሉ። ይህ ፈንግልን አያድነውም። በሽታው ከያዘ በኋላ ፈውስ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር እንናገር። ዶሮ መሞት ስትጀምር ብዙ ሰው ምን ያደርጋል? «ሳትሞት ልሽጣት» ብሎ ወደ ገበያ ይሮጣል። ጭንቀቱ ይገባናል። ያለችው ሀብት ያች ናት። ነገር ግን ያችን ዶሮ የሚገዛት ማን ነው? እንደናንተው ያለች እናት ናት። ለልጇ እንቁላል ብላ ገዝታት ትሄዳለች። በሽታውንም ወደ ቤቷ ይዛ ትገባለች። በሳምንቱ የእሷም ዶሮዎች ያልቃሉ። ቻይናውያን በደርግ ዘመን የሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ በነፋስ መውጫ ያልፋል። የዶሮ ነጋዴም እግሯን አስሮ፣ መኪና ላይ ጭኖ፣ በአንድ ቀን ሩቅ አገር ያደርሳታል። መንገድ ገበያ ያመጣል፤ በሽታም ያመጣል። ስለዚህ የታመመችውን አትሽጡ። የሞተችውን ሜዳ ላይ አትጣሉ፤ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ከገበያ የገዛችኋትን ዶሮ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻዋ አቆዩአት።

ፈውስ ባይኖረውም መከላከያ አለው። በቢሾፍቱ፣ በቀድሞ ስሟ በደብረ ዘይት፣ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ የፈንግል ክትባት ይሠራል። ከክትባቶቹ አንዱ ሙቀት የሚችል ነው። በዓይኗ አንድ ጠብታ ጠብ ይደረግላታል። አንድ ጊዜ ተከትባ ዕድሜ ልኳን አትቆይም፤ በየአራት ወሩ ይደገማል። የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ ነው። ስለዚህ በሽታው መንደር ሳይገባ፣ በተለይ ዝናቡ ሳይጀምር፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠይቁ። አንድ ነገር ልብ በሉ! አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ከተከፈተ ደግሞ አይከርምም። ለአምስት ዶሮ ብቻ መክፈት ይከብዳል። ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ ዶሮውን በአንድ ቀን ቢያስከትብ ግን ይቻላል። ለደቦ የምትጠራሩ ሰዎች ለዶሮም መጠራራት አያቅታችሁም።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። «ዶሮ ከሰው ጋር ማደሯ ካዳናት፣ ለምን ትውጣ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 የታተመ አንድ ጥናት የኢትዮጵያን የገጠር ልጆች ተመልክቶ ነበር። ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛ፣ ዶሮ ያለው ቤት ልጆች ዶሮ ከሌለው ቤት ልጆች የተሻለ ቁመት ነበራቸው። ሁለተኛ፣ ዶሮ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት በምታድርበት ጊዜ ግን የልጆቹ ዕድገት አነስ ያለ ነበር። ምክንያቱን ለመገመት አያስቸግርም። ኩሱ ወለሉ ላይ ይወድቃል። የሚድኸው ልጅ እጁን ያስነካል፣ እጁን ወደ አፉ ያገባል። በዚህም የሆድ በሽታ ይይዘዋል። እንግዲህ ዶሮዋ ለልጁ ጠቃሚ ናት፤ ማደሪያዋ ግን ከልጁ ማደሪያ ይለይ።

አንድ ቤተሰብ እናስብ። በስማዳ ያለ ቤተሰብ ነው እንበል። ባል፣ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉ። አራት ዶሮና አንድ አውራ አላቸው። ሚስት «ለዶሮዎቹ ቤት እንሥራላቸው» አለች። ባል «ውጭ ቢያድሩ ሌባ ይወስዳቸዋል፤ አውሬም አይምርም» አለ። እሱም እውነት አለው። ስለዚህ ሁለቱንም ሐሳብ አስታረቁ። የዶሮውን ቤት ከአጥሩ ውስጥ፣ ከመኖሪያ ቤታቸው ግድግዳ አስጠግተው ሠሩት። ኮሽታ ሲኖር ይሰማቸዋል። በሩንም በመወርወሪያ ቆለፉት።

እናንተስ እንዴት ትሠራላችሁ? ከውጭ የሚገዛ ብዙ ነገር የለውም። ባሕር ዛፍ፣ ልምጭ፣ ጭቃ፣ ጭድና ሣር ይበቃል።

በመጀመሪያ ውኃ የማይተኛበት፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። ለ10 ዶሮ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ቤት ይበቃል። ቤቱ በአራት እግር ከመሬት ከአንድ ክንድ በላይ ከፍ ይበል። እግሮቹ ላይ አሮጌ ቆርቆሮ ብትጠቀልሉበት ሸለምጥማጥ ለመውጣት ይቸገራል። ወለሉ ቀጫጭን እንጨት ይደርደርበት። በመካከሉ ኩሱ ወደ ታች እንዲወድቅ ትንሽ ክፍተት ይኑር፤ የዶሮዋን እግር የሚያሾልክ ግን አይሁን።

ግድግዳው እንደ አገሩ ነው። በጉና በኩል ላለው ደጋ ግድግዳው በጭቃ ይመረግ፤ ከጣራው ሥር ብቻ አየር መግቢያ ይተውለት። ለቆላው ግን ልምጩ ሳይመረግ ቢቀር አየር ያገኛል። ጣራው ሣር ይሁን፤ ዝናብ አያስገባ። ውስጡ ለመስፈሪያ ቆጥ ይደረግ። ለአንዲት ዶሮ አንድ ስንዝር ያህል ቦታ አስቡ። ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ የእንቁላል መጣያ ይበቃል። አሮጌ እንቅብ ጭድ ቢደረግበት ጥሩ መጣያ ነው። ኩሱን በየጊዜው ጥረጉ። ከአፈርና ከቅጠል ጋር አከማችታችሁ ሲበሰብስ ለጎመንና ለበርበሬ ማዳበሪያ ይሆናል። ትኩሱን ግን ተክል ላይ አታድርጉ፤ ያቃጥላል።

ለጫጩቶች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ከተፈለፈሉ በኋላ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ከነእናታቸው በቅርጫት ደፍታችሁ አቆዩአቸው። ደቀቅ ያለ እህልና ንጹሕ ውኃ አቅርቡላቸው። ውኃው በጠፍጣፋ ነገር ይሁን፤ ጫጩት በጥልቅ ዕቃ ሰጥሞ ይሞታል። ክረምት ላይ ከማስታቀፍ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ማስታቀፍ ይሻላል። በጥቅምት የተፈለፈሉት ብርቱ ሆነው ወደ ፋሲካ ገበያ ይቃረባሉ። በጾም ወራት የዶሮና የእንቁላል ዋጋ እንደሚወርድ፣ በፋሲካ፣ በእንቁጣጣሽና በገና ዋዜማ እንደሚወጣ እናንተው ታውቁታላችሁ። ታዲያ በጾም ርካሽ ነው ብሎ ሁሉን ከመሸጥ ማስታቀፍ አይሻልም? ጾም ለማይጾሙት ሕፃናትም እንቁላል አስቀሩላቸው።

አሁን ያን ሒሳብ እንደገና እናስላው። ከ9 ጫጩት 5 ሞተው 4 ቀርተው ነበር። በቤቱ፣ በቅርጫቱና በክትባቱ ምክንያት 2 ብቻ ቢሞቱስ?

9 ሲቀነስ 2 እኩል ይሆናል 7።

ከ4 ወደ 7! ዶሮዋ ያችው የሐበሻ ዶሮ ናት። የታቀፈችውም ያንኑ 12 እንቁላል ነው። አዲስ ዘር አልተገዛም። ልዩነቱ አያያዙ ነው።

ይህን ለማወቅ ግን መጻፍ ያስፈልጋል። የተማራችሁት ፊደልና ቁጥር እዚህ ላይ ይጠቅማል። አንድ ደብተር ለዶሮዎቻችሁ መድቡ። የታቀፈችበትን ቀን፣ የፈለፈለችውን ቁጥር፣ የሞተውንና የሞተበትን ምክንያት፣ የተከተቡበትን ቀን፣ የተሸጠበትን ዋጋ ጻፉ። በዓመቱ መጨረሻ ደብተሩ ራሱ ይነግራችኋል። ጭልፊት ይበልጥ ጎድቷችሁ ከሆነ ቅርጫቱን ታጠብቃላችሁ። በሽታ ከሆነ ክትባቱን ቶሎ ታስደግማላችሁ። ደብተሩን እናት ትያዘው፤ ሀብቱ የእሷ ነውና።

ውድ አንባቢዎቻችን! ዶሮ ከ2,500 ዓመት በላይ ቤታችን ውስጥ ኖራ አብልታናለች፣ ቀስቅሳናለች፣ ከችግር አውጥታናለች። አሁን ደግሞ ለእሷም የራሷ ቤት ይሠራላት። በሌላ ንግግር እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ዓመት በቤታችሁ ስንት ጫጩት ተፈለፈለ? ስንቱ አደገ? የሞቱት በምን ሞቱ?
2. የታመመች ዶሮ ገበያ ብትወጣ በማን ላይ ምን ይደርሳል? መንደራችሁ ስለዚህ ምን ሊስማማ ይችላል?
3. ለሚመጣው ክትባት ዶሮ ያላቸውን ጎረቤቶቻችሁን ቁጠሩ። ዶሮዎቹ ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ?